ርካሽ የፊልም ማጠቢያ ዕቃ ኮፒዎችና የአእምሯዊ ንብረት ጥበቃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊልማቸውን ቤታቸው የሚያጥቡ ሰዎች፣ ዕቃውን የሚያስመጡ ነጋዴዎችና አዲስ ዕቃ የሚፈለስፉ ባለሙያዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች።

ከፊልም ማጠቢያ ዕቃዎች በብዛት የሚኮረጀው የትኛው ነው?

ታንኩና ሪሉ። ታንኩ ብርሃን ሳያስገባ ኬሚካል የሚቀበለው ዕቃ ነው፤ ሪሉ ደግሞ ፊልሙ እርስ በርሱ ሳይነካካ የሚጠመጠምበት። በፕላስቲክ በኩል የእንግሊዙ ፓተርሰን፣ የጀርመኑ ጆቦና የስፔኑ ኤፒ፣ በብረት ሪል በኩል ደግሞ የእንግሊዙ ሂውዝ ስማቸው የታወቀ ነው። ኦንላይን ገበያ ላይ ያለ ስም ወይም ሰምተናቸው በማናውቃቸው ስሞች የሚቀርቡት ታንኮች በአብዛኛው የእነዚህን ቅርጽ የተከተሉ ናቸው። ፊልም መጫኛ ጥቁር ከረጢት፣ ቴርሞሜትር፣ መለኪያ ሲሊንደርና የውኃ ማሞቂያም ርካሽ ኮፒ በብዛት አላቸው።

«ኮፒ»፣ «ፎርጅድ» እና «ሌላ ብራንድ» በምን ይለያያሉ?

ገበያ ላይ ሦስቱም «ቻይና» ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሕግ ፊት ግን ለየቅል ናቸው። ፎርጅድ ማለት የሌላውን አምራች ስምና ምልክት ለጥፎ የእሱ ሥራ መስሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ይህ የንግድ ምልክት ጥሰት ነው፤ በብዙ አገሮችም የወንጀል ክስ ያስከትላል። ኮፒ ደግሞ ቅርጹንና አሠራሩን ወስዶ በራሱ ስም ወይም ያለ ስም ይሸጣል። ኮፒው ሕጋዊ ይሁን አይሁን የሚወስነው በዕቃው ላይ ዛሬ የጸና ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ወይም የተመዘገበ ንድፍ መኖሩ ነው።

ሦስተኛው፣ «ሌላ ብራንድ»፣ ነውር የሌለበት የተለመደ ንግድ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ያመረተውን ታንክ የተለያዩ አስመጪዎች በየራሳቸው ስም አሳትመው ይሸጡታል። ስለዚህ ዕቃው ቻይና መሠራቱ ብቻውን ኮፒ አያሰኘውም፣ ጥራት የለውም ለማለትም አያበቃም።

ርካሹ ታንክ ፊልሜን ያበላሽብኛል?

ሊያበላሽ ይችላል። ፓተርሰንን የመሰለ ታንክ ብርሃን የሚከለክለው በክዳኑ ብቻ አይደለም። ሪሉ የሚሰካበት መሐል ያለው ቱቦ ፈንል ከሚመስለው ክዳን ጋር በልኩ ሲገጥም ነው ፈሳሹ እየገባ ብርሃኑ ውጭ የሚቀረው። ቱቦው ትንሽ ከላላ ወይም ክዳኑ ተሽከርክሮ «ቀጭ» ሳይል ከቀረ፣ ነጌቲቩ ጠርዙ ላይ ጥቁር ጭጋግ ይዞ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካሜራውን ይጠረጥርና ለጥገና ይሰጣል፤ ጥፋቱ ግን ከታንኩ ነው። በነገራችን ላይ ቱቦውን ረስቶ ማጠብ ኦሪጅናል ታንክ ላይም ያው ጉዳት አለው።

ሪሉ ላይ ያለው ችግር የሚታወቀው በእጅ ነው። ፕላስቲኩ ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) ሲወጣ በመጋጠሚያው መስመር ላይ ስስ ትርፍ ይቀራል። ደህና አምራች ያንን ያጸዳል፤ ርካሹ ይተወዋል። ፊልሙ ግማሽ መንገድ በሰላም ሄዶ እዚያ ትርፍ ላይ ሲደርስ ይያዛል። እጅዎ ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ምንም አይታይም፣ ላብ ከረጢቱን ያረጥበዋል፣ እርጥበቱ ደግሞ ፊልሙን ይበልጥ ያጣብቀዋል። በኃይል ሲገፉት ይታጠፍና የታጠፈበት ቦታ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ምልክት ይቀራል። ሁለት ዙር ከተነካካ ደግሞ የተጣበቀውን ቦታ ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል (ዴቨሎፐር) ወይም ምስሉን የሚያጸናው (ፊክሰር) አያገኘውም፤ ፎቶው እዚያ ላይ የለም ማለት ነው። ፊልሙን ነክሰው የሚይዙት ትንንሽ የብረት ኳሶችም በርካሹ ሪል ላይ ሊዝጉ ይችላሉ።

የብረት ሪል ኮፒ ሌላ ጣጣ አለው። ሽቦው በትንሹ ከተጣመመ ሁለቱ ጎኖች ትይዩ መሆናቸው ይቀራል፣ ፊልሙም መስመሩን ይስታል። ሂውዝ በብዙ ብልጫ የሚሸጠው ሽቦው ወፍራምና የማይጣመም በመሆኑ ነው። ግን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፦ እርጥብ የፕላስቲክ ሪል የማንም ሥራ ቢሆን ፊልም ይይዛል። ኮፒውን ከመውቀስ በፊት ሪሉን በደንብ ያድርቁት።

የምወደውን ፊልም ሳልሠዋ ዕቃውን እንዴት ልፈትሸው?

ለታንኩ ቁራጭ የፎቶ ወረቀት ይበቃል። ጨለማ ውስጥ ወረቀቱን ታንኩ ውስጥ አስገብተው ይዝጉት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ እያገላበጡ ያቆዩት፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ አውጥተው ይጠቡት። ነጭ ሆኖ ከወጣ ታንኩ ደህና ነው፤ ከጠቆረ ብርሃን ያስገባል። ለሪሉ አንድ የተበላሸ ፊልም መድበው በመጀመሪያ እያዩ፣ ቀጥሎ ዓይንዎን ጨፍነው ደጋግመው ይጫኑት።

መለኪያ ሲሊንደሩን በወጥ ቤት ሚዛን ይፈትሹት፤ 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ወደ 300 ግራም መመዘን አለበት። ቴርሞሜትሩን ደግሞ ለትኩሳት መለኪያ ከምንጠቀምበት ቴርሞሜትር ጋር ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ያስተያዩት። ይህ ለቀለም ፊልም በጣም ይጠቅማል፤ ሲ-41 የተባለው የቀለም ፊልም ማጠቢያ ሂደት ዴቨሎፐር የሚሠራው በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው፣ ኮዳክ የሚፈቅደው የሙቀት ልዩነትም ወደ 0.15 ዲግሪ ብቻ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም በ20 ዲግሪ ሲታጠብ ትንሽ ስህተት ይችላል፤ ቀለም ፊልም ግን ወዲያው የቀለም መዛባት ያሳያል።

ማሞቂያው ላይ ስስት አያስፈልግም። ኤሌክትሪክና ውኃ አንድ ላይ ናቸው። የአውሮፓ ገበያ የሚጠይቀውን የ«ሲኢ» ምልክት በአብዛኛው አምራቹ ራሱ ነው የሚለጥፈው፤ ስለዚህ ምልክቱን አይቶ ብቻ መተማመን አይገባም። የሚሸጥልዎት ሰው ማን እንደሆነና ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ይወቁ።

ርካሽ አዲስ ኮፒ ልግዛ ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል?

እኔ ያገለገለውን እመርጣለሁ። ታንክ ሞተር የለውም፣ በቶሎ አያረጅም። ሲገዙ መሐል ያለው ቱቦ መኖሩን፣ ክዳኑ መቆለፉን፣ ስንጥቅ አለመኖሩንና የሪሉ ኳሶች አለመዛጋቸውን ይመልከቱ።

ኮፒውን ገዝቼ ብጠቀምበት በሕግ እጠየቃለሁ?

በራሱ ስም የሚሸጥ ኮፒ ገዝቶ ቤቱ ፊልም የሚያጥብ ሰው በተግባር የሚከሰው የለም። ፎርጅድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ጣልያን ውስጥ ሐሰተኛ ምልክት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ራሱ የገንዘብ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል። ዕቃው ከውጭ በፖስታ ሲመጣም ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል። አንድ ዴንማርካዊ ከሆንግ ኮንግ ድረ ገጽ ሮሌክስ ብሎ ያዘዘው ሰዓት ፎርጅድ ሆኖ ጉምሩክ ያዘበት፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2014 ፍርድ ቤቱ ገዢው ለግሉ ቢያዝዘውም ዕቃው ሊያዝና ሊወገድ እንደሚችል ወሰነ። ለፊልም ታንክም ሕጉ ያው ነው።

ለንግድ የሚያስመጣ ሰው ኃላፊነቱ ከሁሉም ይከብዳል። «አላወቅሁም» የሚለው መልስ በብዙ አገር ከፓተንት ጥሰት ነፃ አያወጣም።

ፓተርሰንን የመሰለ ታንክ በየቦታው ሲሸጥ ለምን አይከለከልም?

ፓተንት ዕድሜ ስላለው ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች የሚሰጡት ጥበቃ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 20 ዓመት ነው፤ አብዛኞቹ እዚያው ላይ ያበቃሉ። ዛሬ የምናውቀው የታንክና የሪል መሠረታዊ አሠራር ዕድሜው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ፓተንት ማለት ለፈልሳፊው «ምስጢርህን ለሕዝብ ግለጥ፣ በምትኩ ለተወሰነ ዘመን ብቻህን ተጠቀም» የሚል ውል ነው። ዘመኑ ሲያልቅ አሠራሩ የሁሉም ይሆናል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 የወሰነው የሲርስና የስቲፈል ክርክር ይህን በደንብ ያሳያል። ስቲፈል የሠራውን ከወለል እስከ ጣሪያ የሚቆም መብራት ሲርስ ኮርጆ በጣም አርክሶ ሸጠው። የስቲፈል ፓተንቶች ውድቅ ስለተደረጉ ፍርድ ቤቱ መኮረጁን መከልከል አይቻልም አለ፤ ገዢው የማን ሥራ እንደሆነ እንዳይሳሳት ግን ዕቃው ላይ ምልክት እንዲደረግ ማስገደድ ይቻላል ብሎ ጨመረ። እኔም የምስማማው በዚህ ነው፦ ዘመኑ ያለፈበትን አሠራር መውሰድ ስርቆት አይደለም፤ በሌላ ሰው ስም መነገድ ግን ስርቆት ነው።

ፓተንቱ ቢያልቅም ቅርጹ አይጠበቅም?

የዕቃው መልክ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ ይጠበቃል፤ እሱም ዘመን አለው። በአውሮፓ ኅብረት በየ5 ዓመቱ እየታደሰ እስከ 25 ዓመት ይደርሳል፣ ሳይመዘገብም ለ3 ዓመት ከቅጂ የሚከላከል ጥበቃ አለ። በአሜሪካ የንድፍ ፓተንት ከተሰጠበት ቀን 15 ዓመት ነው፤ ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ 15 ዓመት አድርጋዋለች።

ችግሩ፣ የታንክ ቅርጽ ከሥራው የሚመነጭ መሆኑ ነው። ክዳኑ ፈንል የመሰለው ፈሳሽ ሊቀበል ነው፣ ታንኩ ክብ የሆነው ሪሉ ክብ ስለሆነ ነው። ሥራው ብቻ የወሰነውን ቅርጽ የንድፍ ሕግ አይጠብቅም። ቅርጹን በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ ለዘላለም ለመያዝ የሚደረገው ሙከራም እዚሁ ላይ ይሰናከላል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 የሌጎን ጡብ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ያልተቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ላብ-ቦክስ የሮንዲናክስ ኮፒ ነው?

ሐሳቡ ከዚያ የመጣ ነው፤ ኮፒ ብሎ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም። ሮንዲናክስ አግፋ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው፣ ፊልሙ በብርሃን ላይ ያለ ጨለማ ክፍል የሚጫንበት ታንክ ነው። ታንኩ ከገበያ ከጠፋ ከብዙ ጊዜ በኋላ አርስ-ኢማጎ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ገንዘብ አሰባስቦ ላብ-ቦክስ የተባለውን ታንክ ሠራ። ሮንዲናክስ ለ35 ሚሊ ሜትርና 120 ለተባለው ሰፋ ያለ ፊልም ለየብቻ የተሠራ ዕቃ ነበረው፤ ላብ-ቦክስ በሚቀያየሩ ክፍሎች ሁለቱንም አንድ አካል ላይ አመጣቸው። የሞተውን አሠራር ያስነሳ፣ ስሙን ያልሰረቀ፣ የራሱን የጨመረ ሰው ሕጉ የሚፈልገውን ነው ያደረገው።

ሕጋዊ ከሆነ ርካሹን ብገዛ ለአምራቾቹ ምን ጉዳት አለው?

ለድሮው ታንክ ያን ያህል አይደለም። የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚሞክረው ትንሹ አምራች ነው። የፊልም ገበያ ጠባብ ነው፤ ለፕላስቲክ ዕቃ የሚቀረጸው የብረት ሞልድ ውድ ነው፣ ወጪው የሚመለሰውም በጥቂት ገዢ ላይ ተከፋፍሎ ነው። ኮራጁ የሙከራ ወጪ የለበትም፤ ያለቀውን ዕቃ ፈታቶ ይለካል። አንድ ሰው ለዓመታት ለፍቶ ያወጣውን ዕቃ በወራት ውስጥ አርክሰው ሲሸጡበት ሁለተኛውን ዕቃ አይሠራም። ይህ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የፊልም ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያልተመዘገበ ንድፍ እንኳ ቢሆን፣ ፈልሳፊው በሕይወት ሥራ ላይ ያለበትን አዲስ ዕቃ ከራሱ ቢገዙ እመክራለሁ።

ኮራጁ የእኔን ፎቶዎችና የአጠቃቀም መመሪያ ወስዶ ለጥፏል፤ ምን ላድርግ?

ፈጣኑ መሣሪያዎ ይህ ነው። ኮራጆች ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ፎቶ፣ ቪዲዮና መመሪያ ጭምር ይወስዳሉ። ፎቶና ጽሑፍ የቅጂ መብት ያላቸው ከተፈጠሩ ጀምሮ ነው፤ ፓተንት መጠበቅ አያስፈልግም። ትልልቆቹ የኦንላይን ገበያዎች የጥሰት ማመልከቻ የሚቀበሉበት ቅጽ አላቸው፤ በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ለዚህ ሥርዓት ዘርግቷል። የመጀመሪያዎቹን የፎቶ ፋይሎች ከነቀናቸው ያስቀምጡ። ገጹ ሲነሳ ዕቃው ከነጭራሹ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ኮራጁ ግን የራሱን ፎቶ እንዲያነሳ ይገደዳል፣ ያኔ ገዢው የሁለቱን ልዩነት ያያል።

ሪል ወይም ታንክ በስሪ ዲ ፕሪንተር አትሜ ብጠቀም ይፈቀዳል?

በብሪታንያና በጀርመን የፓተንት ሕግ ለግል፣ ለንግድ ላልሆነ ዓላማ የተሠራ ነገር ጥሰት አይባልም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ነፃነት የለም፣ ለአንድ ዕቃ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ባለመብት ማግኘት ግን ከባድ ነው። በነፃ የሚወርዱትን ፋይሎች በተመለከተ ፈቃዱን ያንብቡ። ብዙዎቹ «ለንግድ አይውልም» የሚል ገደብ አላቸው፤ አትሞ መሸጥ የዚያን ሰው ልፋት መንጠቅ ነው። ከሥራው አኳያ ደግሞ፣ ስስ የታተመ ግድግዳ ጥቁር ቢመስልም ብርሃን ሊያሳልፍ ስለሚችል የወረቀቱን ፈተና እዚህም ያድርጉ።

አዲስ የማጠቢያ ዕቃ ፈልስፌያለሁ። ለሰው ከማሳየቴ በፊት ምን ላድርግ?

ማመልከቻ ያስገቡ፣ ከዚያ ያሳዩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ብቻ ነው። በአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት ፈልሳፊው ራሱ ያሳየው ነገር እንኳ አዲስነቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ በቪዲዮ፣ በኤግዚቢሽን ወይም በገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ ቢሆን ልዩነት የለውም። አሜሪካ ከራስ መግለጫ በኋላ 12 ወር ትሰጣለች፤ ያን ይዞ የሌሎች አገሮችን መብት ማጣት ግን ያስቆጫል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ከገባ በኋላ ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንብረት ጥበቃ የተደረገው የፓሪስ ስምምነት ሌሎች አባል አገሮች ውስጥ ለማመልከት ለፓተንት 12 ወር፣ ለንድፍና ለንግድ ምልክት 6 ወር ጊዜ ይሰጣል። በአሜሪካ በአነስተኛ ወጪ ቀን የሚያስይዝ ጊዜያዊ ማመልከቻም አለ።

ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው። ፓተንት ድንበር አይሻገርም፤ «የዓለም ፓተንት» የሚባል የለም። የአሜሪካ ፓተንት ይዞ ቻይና ውስጥ ፋብሪካ መክሰስ አይቻልም፤ ዕቃው አሜሪካ ሲገባና ሲሸጥ ግን ማስቆም ይቻላል። ለማምረት ቻይና ከሄዱ እዚያም ይመዝገቡ። ለትንሽ ዕቃ የቻይና የግልጋሎት ሞዴል (ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ መብት) 10 ዓመት ይጠብቃል፣ ከሙሉ ፓተንትም ቶሎ ይገኛል። ከሁሉም በፊት ስምዎን ያስመዝግቡ፤ ቻይና ውስጥ የንግድ ምልክት በመሠረቱ የሚሰጠው ቀድሞ ላመለከተው ሰው ነው፣ የእርስዎን ስም ሌላ ሰው አስመዝግቦ መልሶ ሊሸጥልዎት ይችላል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪክስታርተር ላይ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው ፊጅት ኪዩብ (በጣት የሚነካካ ትንሽ መጫወቻ) ኦሪጅናሉ ለገዢዎቹ ሳይደርስ ኮፒዎቹ ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ዘመቻ ሲጀምሩ ምርቱ ሊወጣ የተቃረበ ይሁን።

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት ነው?

ፓተንት፣ የግልጋሎት ሞዴልና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ በአዋጅ ቁጥር 123/1987፣ የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይመራሉ። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። የግልጋሎት ሞዴል 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ይታደሳል። የንግድ ምልክት 7 ዓመት ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል። አዋጁ «የአስገቢ ፓተንት» የሚባልም አለው፤ በውጭ አገር ፓተንት ያለውና እዚህ ያልተመዘገበ ፈጠራን ወደ አገር ለሚያስገባ እስከ 10 ዓመት የሚቆይ ነው።

በተግባር ሲታይ፣ የውጭ ፓተንት እዚህ ካልተመዘገበ አገር ውስጥ መከልከያ አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ ታንክ ልሥራ ለሚል ባለሙያ ይህ ሰፊ በር ነው፤ የሌላውን ስም እስካልለጠፈ ድረስ።

ለሌላው ታንክ የሚገጥም ሪል ወይም ክዳን ሠርቼ «ለፓተርሰን የሚሆን» ብዬ ልሽጥ?

በአብዛኛው ይቻላል። በአውሮፓ ሕግ አንድ ክፍል ከሌላው ጋር እንዲገጥም ሲባል ብቻ የተያዘ መጠንና ቅርጽ በንድፍ አይጠበቅም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1961 የገዙትን ዕቃ ያረጀ ክፍል መተካት እንደ ጥገና የሚቆጠር መሆኑን ወስኗል። ክፍሉ ራሱ ለብቻው ፓተንት ካለው ግን አይቻልም። ስሙን መጥቀስ የሚቻለው ለምን እንደሚሆን ለመግለጽ ያህል ብቻ ነው፦ የራስዎ ስም ጎላ ብሎ፣ የእነሱ ስም በተራ ፊደል፣ አርማቸውን ሳይነኩ። «የፓተርሰን ሪል» እና «ለፓተርሰን ታንክ የሚሆን ሪል» ፍርድ ቤት ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዕቃውን ዓይነት ብቻ የሚገልጽ ስም የንግድ ምልክት ሊሆን ይችላል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ አከራካሪው ይህ ነው። ሲኒስቲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኮዳክን የሲኒማ ፊልም ጥቁር ሽፋኑ ተነስቶለት በሲ-41 እንዲታጠብ አድርጎ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 «800ቲ» የንግድ ምልክቴ ነው ብሎ ተመሳሳይ ፊልም የሚሸጡ ሌሎች ስሙን ከፊልማቸው ላይ እንዲያስወግዱ ሲጠይቅ፣ ፊልም የሚያነሳው ሰው በጣም ተቆጣ። 800 የፊልሙን ፍጥነት፣ «ቲ» ደግሞ ለአምፖል ብርሃን የተስማማ መሆኑን የሚናገሩ ናቸው፤ ሌላው ሻጭ ታዲያ ፊልሙን ምን ብሎ ይግለጸው?

ሕጉ ገላጭ ስም በመርሕ ደረጃ አይመዘገብም ይላል፤ ገዢው ስሙን ሲሰማ አንዱን አምራች ብቻ የሚያስብ ከሆነ ግን በአሜሪካ ሊመዘገብ ይችላል። እኔ የምደግፈው የገላጩን ቃል ለሁሉም ክፍት መሆን ነው። ለራስዎ ዕቃ ስም ሲያወጡ መጠኑን፣ ሙቀቱን ወይም የፊልሙን ዓይነት የሚናገር ስም ይተዉ፤ ለመከላከል ወጪው ብዙ ነው፣ ቢያሸንፉም የሚያጡት የራስዎን ደንበኞች ነው።